ላልተወለደ ስልክ የተተከለ ድንኳን

ሰው በጠጅ ይሰክራል፣ በሥልጣንም ይሰክራል። እኔ የምሰክረው «ሊወጣ ነው» በተባለ ስልክ ነው። የወጣ ስልክ ደስ አይለኝም። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ዋጋ ተለጥፎበት፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንስቶ የሚነካካው ስልክ ምኑ ይወራል? የምወደው ገና ማንም ያላየውን፣ ፎቶው ጀርባውን ብቻ የሚያሳየውን፣ «ከውስጥ አዋቂዎች ሰማን» የተባለለትን ነው። ቀን ቀን እዚሁ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። መዝገብ ሲጠፋ ፈላጊው እኔ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። የቀረውን ጊዜዬን ቴሌግራም ላይ የስልክና የኮምፒውተር ወሬ በማንበብ እጨርሰዋለሁ። የማነብበት ስልክ መስታወቱ ከተሰነጠቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ለምን አላሠራኸውም ብትሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ አዲስ ሊወጣ ነዋ!

የዘንድሮው ጣጣ የጀመረው ግን እኔ ሳልኖር ወንዛዬ ላይ ነው። አማቴ አባባ ታረቀኝ ከአንበሳሜ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ወገባቸውን ሲያማቸው ከርሞ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ፍል ውሃ ሊገቡ ወንዛዬ ወረዱ። ልብስ ከሚጠብቅ ሰው ይልቅ ራሳቸውን ስለሚያምኑ ስልካቸውን ቁምጣቸው ኪስ ከተው፣ በመርፌ ቁልፍ ቆልፈው፣ አብረው ተነከሩ። ከሦስት ቀን በኋላ «ወገቤ ድኗል፣ ስልኬ ግን አልተነሣም» የሚል መልእክት በሰው ላኩብን።

ይኼ ለባለቤቴ ለአስናቀች ቀላል ነገር አልነበረም። እሷ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ለአባቷ ትደውላለች። የሚያወሩት ሁልጊዜ ያው ነው። ላሟ እንዴት ናት? ደኅና ናት። ጥጃዋስ? ደኅና ናት። ብርዱስ? ያው ብርድ ነው። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ተባብለው ሲዘጉ የአስናቀች ፊት እስከሚቀጥለው እሑድ ብሩህ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ መልእክቱ እንደ ደረሳት «ዛሬውኑ ሰይድ ሱቅ ሂድና አንዲት ተራ ስልክ ግዛ። እታገኝ አንበሳሜ ገበያ ስትሄድ ታደርስልናለች» አለችኝ። እታገኝ ጎረቤታችን ናት፤ በየሳምንቱ አንበሳሜ ገበያ የምትወርድ ነጋዴ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። እግሬ ወደ ሱቁ፣ ዓይኔ ወደ ስልኬ ነበር። መንገድ አጋማሽ ላይ ያነበብኩት ነገር እግሬን አቆመው፤ ባጃጅ ለጥቂት ሳተኝ። አዲስ ስልክ ሊወጣ ነው! አንድ ቀን ፀሐይ ከሞቀ ሠላሳ ቀን ይሠራል። ውሃ ውስጥ ቢያድር አይሞትም። ከገደል ቢወረወር አይሰበርም። የሚወጣውም «በሁለት ሳምንት ውስጥ» ነው።

እስቲ ፍረዱኝ። አባባ ታረቀኝ ቤት መብራት የለም፤ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት በገበያ ቀን አንበሳሜ እየላኩ ነው። ውሃውን እንደሆነ በወንዛዬ አሳይተውናል። ገደል ደግሞ ከደጃቸው ይጀምራል። ይኼ ስልክ ለእሳቸው ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው ስማቸውን መጻፍ ብቻ ነው የቀረው። አሁን ተራ ስልክ ብገዛላቸው አማቴን መናቅ አይሆንም?

ሰይድ ሱቅ ገብቼ ሳልገዛ ቆምኩ። ሰይድ ከልጅነት ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ነው፤ ስልክና የስልክ ዕቃ ይሸጣል። ተራዋን ስልክ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ወሬውን አወራሁለት፤ ይልቁንም ለሱቁ ሁሉ አወራሁ።

«ሰይድ፣ ጤፉ ሊታጨድ አንድ ሳምንት የቀረው ሰው ከጎረቤት ዱቄት ይበደራል?» አልኩት በመጨረሻ።

«ይበደራል እንጂ! ካልተበደረማ ሳምንቱን ምን ይበላል?» አለኝ።

መልሱ ልክ ነበር። ልክ የሆነ መልስ ግን በዚያ ሰሞን አይሰማኝም ነበር። ሌላ ስልክ ሲመርጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ግን እኔን ሰምተው የያዙትን መልሰው አስቀመጡ። ሰይድ እነሱን አየ፣ እኔን አየ። «ወላሂ፣ ከሱቄ ውጣልኝ!» አለ።

ወሬ በደብረ ታቦር እግር አያስፈልገውም። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ጸጉር አስተካካዩ ስልኩን ገና ሳያየው ጠላው፤ «በጣም ቀጭን ነው፣ ከእጅ ያመልጣል» እያለ ምላጩን ይዞ ይከራከራል። ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ልኩን ከእኔ ጠይቆ የአምስት ሱሪ ኪስ አሰፋ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተው የሚሠሩ ሁለት ባልደረቦቼ ጥቁሩ ይሻላል አረንጓዴው ይሻላል ተባብለው ተኳረፉ፤ እስከ ዛሬ ደብዳቤ የሚለዋወጡት በእኔ በኩል ነው። አንዲት ሴትዮ ደግሞ «በነሐሴስ? ፀሐይ በሌለበት በምን ሊሞላ ነው?» ብለው መንገድ ላይ አፋጠጡኝ። ጥያቄው ልክ ስለነበረ «በነሐሴ ሌላ ይወጣል» ብዬ አለፍኩ።

ስልኩ ግን አይወጣም። «ሁለት ሳምንት» የተባለውን ስቆጥረው ምኩራብ እሑድ ላይ ዋለ። ምኩራብ መጣ፤ ለመጻጉዕ ተላለፈ ተባለ። መጻጉዕ አለፈ፤ ለደብረ ዘይት ሆነ። ጾሙ በሰንበቶቹ ሲገፋ ስልኩም አብሮ ይገፋል። እኔ ተስፋ መቁረጥ አላውቅም፤ የዘገየ ነገር ጥሩ ሆኖ ነው የሚመጣው ብዬ አምናለሁና ጭራሽ ባሰብኝ።

እንዴት እንደባሰብኝ ልንገራችሁ። የቢሮ ሰዎች «ሲመጣ ተሻምተው ይጨርሱታል» ብለው ይጨነቁ ጀመር። እኔም አባቶቻችን ገና በእናቱ ሆድ ያለ ልጅ ያጩ እንደነበር አስታወስኩና ወደ ሰይድ ሽማግሌ እንላክ አልኩ። ስንስቅ ቆየንና ሳቁ ሳያልቅ ላክን! የእድራችን ዳኛ ጋሽ መንግሥቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ጋቢያቸውን በወጉ አጣፍተው፣ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሰይድ መጀመሪያ አፉን ይዞ ሳቀ። ኋላ ግን እሱም ልጅ የዳረ ሰው ነውና ወጉን ያውቃል። «ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም፤ በሳምንቱ ተመለሱ» አላቸው። ሽማግሌዎቹ አልተባረርንም ብለው ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

አሁን አባባ ታረቀኝ ጋ እንመለስ፤ እኔ ረስቻቸው ስለነበር እናንተም ረስታችኋቸው ይሆናል። የጎረቤት ስልክ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ነገር ግን የአስናቀች ቁጥር ያለው ፍል ውሃ በገባው ስልክ ሆድ ውስጥ ነው፤ በቃል የሚያውቀው ሰው የለም። አስናቀች «ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጽፌ በእታገኝ ልላክ» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «ለሁለት ሳምንት ምን ያደክምሻል?» ያልኳት። በየገበያው በእታገኝ የምልከው ቃል ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ገበያዎች «ትንሽ ይጠብቁ» አልኩ። በቀጣዮቹ «እባክዎ ይታገሡ» አልኩ። በመጨረሻው እኔም አፍሬ ስለነበር «አይጨነቁ፤ ሁሉም ለበጎ ነው» ብዬ ላክሁ።

አስናቀች በእነዚያ እሑዶች ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትቀመጥና ስልኳን ታያለች። ከዚያ እኔን ታያለች። ከዚያ ነጠላዋን ታጥፋለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የኒቆዲሞስ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አስናቀች ጓሮ ልብስ ታጥባለች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስልኩ ከፋሲካ በኋላ እንዲወጣ መተላለፉን አነባለሁ። ድንገት ከደጅ ዋይታ ተሰማ። የሰው ዋይታ ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ስለሆነ ዘልዬ ወጣሁ። በራችን ላይ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረቱን ይመታል። ከፊት አባባ ታረቀኝ አሉ፤ እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ዓይኔ የአስናቀችን እናት እማማ የሺን ፈለገ፤ የሉም። ታዲያ ማን ሊሆን ነው? በእኛ አገር መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። «ወይኔ እማማ የሺ! ወይኔ እናቴ!» ብዬ መሬት ወደቅሁ።

አባባ ታረቀኝ እኔ ስወድቅ ሲያዩ የጠረጠሩት ሁሉ እውነት ሆነባቸው፤ «እውነት ነው! ሞታለች!» ብለው ባሰባቸው። አስናቀች አረፋ በያዘ እጇ ከጓሮ ሮጣ መጣች። አባቷን አየች፣ እኔ የማንን ስም እየጠራሁ እንደማለቅስ ሰማች፣ «እናቴን!» ብላ ጮኸች። ይኼን ጊዜ ከሰው ኋላ ሁለት ዘመዶች ደግፈዋቸው ሲያለቅሱ የነበሩት እማማ የሺ ለቅሶአቸውን አቋረጡ።

«ምነው? እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» አሉ።

ሰው ተከፈለ። እማማ የሺ ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸው እሳቸውን አየች። ሁለቱም አንዷ ለሌላዋ እያለቀሱ ነበርና ሲተቃቀፉ ማን እንደሚያጽናና ጠፋ። አባባ ታረቀኝ የአስናቀችን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩ። አረፋው በጋቢያቸው ላይ ተለቀለቀ። «አለሽ?» አሏት። «አለሁ አባባ» አለች። ደግመው «አለሽ?» አሏት።

እኛ በዚህ ላይ እያለን የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ዋይታውን ሰምቶ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሮታል። የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይጣራ ድንኳን መጣ፣ ወንበር መጣ፣ ንፍሮ ተጣደ። ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ጸጉሩን ቆርጦ ይዞት መጣ። ሰይድም ሱቁን ዘግቶ ሊያጽናናኝ መጥቶ ትከሻዬን ይዞ «አላህ ያጽናህ ወንድሜ፤ ማን ነው?» አለኝ። እኔ ወንበር አቀረብኩለት።

ጋሽ መንግሥቱ ነገሩ ሲገባቸው ጋቢያቸውን በወጉ አጣፉ። ከዚያ «የእድራችን ደንብ ጥሩምባ ከተነፋ ድንኳን ባዶውን አይወርድም ይላል። ሟች ከሌለ ጥፋተኛ አለ። ሁላችሁም ተቀመጡ» አሉ። ተቀመጥን። እኔን መሀል አስቀመጡኝ።

መጀመሪያ አባባ ታረቀኝ ተነሡ። «ጠብቁ ተባልኩ፤ ጠበቅሁ። ታገሡ ተባልኩ፤ ታገሥኩ። በመጨረሻው ሁሉም ለበጎ ነው ተባልኩ። የልጄ ድምፅ ጠፍቷል። መልእክተኛዋ ዓይኔን አታይም፤ አንገቷን ደፍታ ትናገርና ትሄዳለች። በእኛ ዘንድ እንዲህ የሚደረገው መርዶ ሲደበቅ ነው። ለቀብሯ እንኳን ሳልደርስ ብዬ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላየሁም» አሉ።

እታገኝ ከንፍሮው ድስት አጠገብ ብድግ አለች። «አንገቴን የደፋሁት አፍሬ ነው! ሽማግሌ ሰው ፊት ቆሜ 'አማችዎ ያልተወለደ ስልክ እየጠበቀ ነው' ልበል? ሞቷል ማለት ይቀል ነበር!» አለች።

ድንኳኑ በሳቅ ሊበጠስ ደረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም። እኒያ ሰው ሦስት ሌሊት ሙሉ ልጃቸውን በልባቸው ሲቀብሩ፣ እኔ አረንጓዴው ይሻላል ጥቁሩ ይሻላል ስል ነበር። ያን ቀን እንዳፈርኩት በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም።

«ለመሆኑ» አሉኝ አባባ ታረቀኝ፣ «ልጄን ያስለቀሰኝ ስልክ ምን ያደርጋል?»

«አንድ ቀን ፀሐይ ከሞቀ ሠላሳ ቀን ይሠራል፣ አባባ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«ፀሐይ ብቻ?»

«ፀሐይ ብቻ።»

«አሃ» አሉና ጢማቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። ያንን «አሃ» ልብ ማለት ነበረብኝ።

ጋሽ መንግሥቱ ፍርድ ሰጡ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏል ይኼ ነው። ሰይድ ሱቁን ይክፈት፤ ተራዋ ስልክ አሁኑኑ ትምጣ። አንተም ከእንግዲህ በእጅህ ላልዳሰስከው ዕቃ 'ጠብቁ' እንዳትል ዋስ ጥራ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ለዚያው ዕቃ ሽማግሌ ሆነው ሄደው እንደነበር ላስታውሳቸው አሰብኩና ዓይናቸውን አይቼ ተውኩት። ዋስ ፍለጋ ዙሪያዬን ባይ ሁሉም ንፍሮው ላይ አቀረቀረ። ያሰፋው ኪስ ሜዳ ላይ የቀረበት ልብስ ሰፊማ ጀርባውን ሰጠኝ። በመጨረሻ ሰይድ እየሳቀ ተነሣ። «እኔ እዋሰዋለሁ። ወላሂ፣ የእሱ አፍ ሲዘጋ የእኔ ሱቅ ይከፈታል» አለ።

ስልኳ መጣች፤ ሲም ገባላት፤ የአስናቀች ቁጥር ተመዘገበባት። አባባ ታረቀኝ እስከ ድንኳኑ ጥግ ሄደው ፊታቸውን ወደ ሸራው አዙረው ደወሉ። አስናቀች አሥር እርምጃ ርቃ ቆማ አነሣች።

«አስናቀች፣ አለሽ?»

«አለሁ አባባ።»

«ላሟ ደኅና ናት።»

«ጥጃዋስ?»

«ደኅና ናት።»

ማንም ሰው አልሳቀም። ግማሽ ሰዓቱን በሙሉ አወሩ። እኔ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፌ ለይምሰል እየሳልኩ ዓይኔን ስጠርግ ቆየሁ። በማግስቱ ዘመድ ሁሉ ንፍሮ ተቋጥሮለት በሰላም ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሳምንቱ ሆሳዕና ሆነ። አስናቀች ዘንባባዋን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ከቤተ ክርስቲያን መጣች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደገመች፤ ዝግ ነው። ሰለሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ወይ አሁን አንበሳሜ ትሄዳለህ፣ ወይ ጥሩምባ ነፊውን እጠራለሁ» አለች።

ምሳ ሳልበላ ሚኒባስ ያዝኩ። ከአንበሳሜ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሬ ሮጥኩ ማለት ይቻላል፤ በየእርምጃው አንድ ክፉ ነገር ትዝ ይለኛል። ወገባቸው ይሆን? ገደሉ ይሆን? ያን ጊዜ ነው እሳቸው ስድስት ሳምንት ምን ሆነው እንደሰነበቱ በእግሬም በሆዴም የገባኝ።

አባባ ታረቀኝ በደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጤነኛ ናቸው። ረጅም ዘንግ ይዘዋል። ከፊታቸው ፀሐይ ላይ ስፌድ ተዘርግቷል። ስፌዱ ላይ ስልኳ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ተኝታለች። ዶሮ ስትጠጋ በዘንጉ ያባርራሉ።

«ደኅና ነዎት አባባ?» አልኩ እያለከለክሁ።

«ደኅና ነኝ። ከዓርብ ጀምሮ አስጥቻት እየጠበቅሁ ነው፤ ገና አልጠገበችም» አሉኝ።

«ቻርጀሩስ? ገመድ ያለው ዕቃ ነበር እኮ።»

«እሱማ ጠንካራ ገመድ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። የጥጃዋ ማሰሪያ ሆነ።»

«አባባ፣ ይቺኛዋ በፀሐይ አትሞላም። በፀሐይ የሚሞላው ሌላኛው ነው።»

«የትኛው?»

«ያ… ገና ያልወጣው።»

አባባ ታረቀኝ ቀና ብለው አዩኝ። ድንጋዩ ላይ ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁልኝ። ዘንጉን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እኔ በአንተ ቃል ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። አንተ ለሦስት ቀን ትቸኩላለህ? ቁጭ በልና ጠብቅ» አሉ።

ቁጭ አልኩ። ዶሮዋን «እሽ» አልኳት።